ማዕድኑስ የታለ? መንጌ፣ ሕዳሴና ዳታ ማይኒንግ

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መንጌ ወረዳ ውስጥ ማዕድን ሲባል ወርቅ ነው፤ አሸዋውን በገበቴ አጥቦ ማውጣት። ስለዚህ «የቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች አገር ውስጥ ገቡ» የሚለውን ወሬ የሰማ ሰው ቁፋሮ ቢታየው አይፈረድበትም። ዳታ ማይኒንግ የሚባለው ይህ ሥራ ግን መሬት አይነካም። ኮምፒውተሮች ሌት ተቀን ስሌት ይሠራሉ፤ መልሱን ቀድሞ ያገኘ በቢትኮይን፣ ማለትም በዲጂታል ገንዘብ፣ ይከፈለዋል። ጥሬ ዕቃው መብራት ነው። አንዱ ማሽን 3.5 ኪሎዋት ገደማ፣ ማለትም የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል ይስባል። ምጣዱ ሊጡ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ማሽኑ አይጠፋም። 100 ሜጋዋት የሚወስድ ማዕከል 28 ሺህ ምጣድ ያለ ዕረፍት እንደጣደ ቁጠሩት። ስለዚህ መብራት የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ግድቡ ክልላችን ውስጥ ስለሆነ መብራቱ ቀድሞ ለእኛ ይደርሳል።»

አይደርስም። ሕዳሴ ግድብ ያለው መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ነው፤ መንጌ ደግሞ ከዓባይ ወዲህ፣ አሶሳ ዞን። ቢቀርብም ለውጥ የለውም። ኃይሉ በ500 ኪሎቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይሄዳል፤ ከመስመሩ ሥር ጎጆ ያለው ሰው ከዚያ ቀጥሎ አምፖል ማብራት አይችልም። ቮልቴጁን የሚያወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የ33 ወይም የ15 ኪሎቮልት መስመር፣ የመንደር ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው።

«የሚወስዱት ትርፍ ኃይል ነው፤ ማንንም አይጎዳም።»

ግማሹ እውነት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መስመር ያልደረሰው ሰው ይህን ሊጠቀምበት አይችልም። ማይነሩ (ማዕድን አውጪው) ግን ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ይተከላል፤ ሂሳቡንም በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ከዚህ የቀለለ ደንበኛ የት ይገኛል? ችግሩ «ትርፍ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። ግማሹ ጎረቤት ያልተጠራበት ድግስ ምግብ ቢተርፈው ያ ትርፍ ነው? ደግሞም ትርፉ ወሰን አለው፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ለአዲስ ማይነሮች ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ገልጿል።

«ከውሃ የመጣ መብራት ንጹሕ ነው፤ ጥያቄ የለበትም።»

ጭስ የለውም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የግድቡ ሐይቅ የተኛው ባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ የጉሙዝ ቤተሰቦች ቀዬአቸውን ለቀውለታል። ግድቡን የሠራው ደግሞ ቦንድ የገዛው መምህርና ገበሬ ነው። ጭስ የለውም ማለት ለማን እንደሚደርስ አይነግረንም።

«ሥራ ይከፍታል» የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ ግንባታው ካለቀ ጥቂት ቴክኒሻንና ጥበቃ ይበቃዋል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ፦ ብሔራዊ ባንክ ሰኔ 2014 እንደ ቢትኮይን ባለ ክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ሳንቲሙ ክልክል፣ ለሳንቲሙ የሚሸጠው መብራት ግን የተፈቀደ።

እኔ ማይነሮቹ ይባረሩ አልልም። ከእነርሱ የተገኘው ዶላር ስንት ትራንስፎርመርና ስንት ኪሎሜትር ሽቦ እንደገዛ በይፋ ይነገር፤ የየቀበሌው ተራ መቼ እንደሆነም መንጌን ጨምሮ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ።