በቡናዎ ቅጠል ውስጥ ማን ይኖራል?

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ሲጓዙ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር የቆመ ቡና ያያሉ። የብዙ ቤት የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዚያ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ሰፋ ያለ፣ እሳት የለበለበው የሚመስል ቡናማ ምልክት ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?

ዋግ ነው ብለው አይቸኩሉ። ዋግ ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት አለው፤ ይህኛው የለውም። ምልክቱን ከመሃሉ አጠፍ አድርገው ይስበሩት። ስሱ የላይ ቆዳ ይነሣና ነጫጭ ጥቃቅን ትሎች ብቅ ይላሉ።

የእነዚህ ትሎች እናት ሌኮፕቴራ ካፌይና የተባለች የእሳት እራት ናት፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የቡና ተባዮች አንዷ። ክንፏን ስታጥፍ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። መልኳ እንደ ብር የነጣ ነው። (ልብስ የሚበላው ብል ዘመዷ ቢሆንም እርሷ ሣጥንዎን አትነካም!) ቀን ከቅጠል ሥር ተደብቃ ትውላለች፤ ሲመሽ ትንቀሳቀሳለች። እንቁላሎቿን በቅጠሉ ላይ፣ የቅጠሉን ዋና ሥር ተከትላ፣ ጎን ለጎን ትደረድራለች። ትሎቹ ሲፈለፈሉ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የየራሳቸውም ጉድጓድ ተገናኝቶ አንድ ሰፊ ክፍል ይሆናል። ካደጉ በኋላ በሐር ክር ተንጠልጥለው ይወርዱና ከታች ባለ ቅጠል ላይ የፈረንጆቹን «ኤች» ፊደል የመሰለ ነጭ መጠለያ ይሠራሉ።

ጥላ ትወዳለች። ታዲያ ዛፉን እንቁረጠው? እህቷ ሌኮፕቴራ ሜይሪኪ ደግሞ ፀሐይ ያገኘውን ቡና የምትመርጥ ናት፤ ስለዚህ መጥረቢያው መፍትሔ አይሆንም።

መድኃኒቱስ? በኬንያ በ1950ዎቹና 60ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቡና ላይ ፀረ ተባይ በብዛት ሲረጭ ትሎቹን የሚገድሉት ጥቃቅን ተርቦች አብረው አለቁ፤ እነዚህ የእሳት እራቶችም ከበፊቱ ይልቅ በዙ። እነዚህ ተርቦች እንቁላላቸውን በትሉ አካል ላይ ወይም ውስጥ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለውም ትሉን ይበላዋል። በነፃ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው።

እንግዲህ ባልና ሚስት ገንዘብ አዋጥታችሁ መርጫ ከመግዛታችሁ በፊት አብራችሁ ወደ ቡናው ውረዱ። ከየዛፉ ጥቂት ቅጠል ቆርጣችሁ ስበሩ። ቅጠሉ በብዛት ተበልቶ እየረገፈ ከሆነ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ብቻ ካገኛችሁ ግን ሥራውን ለተርቦቹ ተዉላቸው።