ጣፋጭ ሁሉ «ስዊት» አይደለም

ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ሆቴሉና ካፌው ብዙ ነው፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤትም ቅርብ በመሆኑ በስብሰባ ሰሞን የውጭ እንግዳ አይታጣም። እዚህ በእንግሊዝኛ ለሚያስተናግድና ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው አንዳንድ የተለመዱ እምነቶች መታረም አለባቸው።

ተረት፦ «ስዊት» እና «ዴሊሽየስ» ሁለቱም ጣፋጭ ማለት ናቸው።

እውነታ፦ በአማርኛ ማሩም ይጣፍጣል፣ ዶሮ ወጡም ይጣፍጣል። በእንግሊዝኛ ግን ምግብ «ስዊት» ሲባል የማርና የስኳር ዓይነት ጣዕም አለው ማለት ነው። ዶሮ ወጥ «ቬሪ ስዊት» ተብሎ የቀረበለት እንግዳ ስኳር የገባበት ይመስለውና በርበሬው ሲለበልበው ግራ ይገባዋል። ለወጡ የሚሆነው «ዴሊሽየስ» ነው።

ተረት፦ «ኮምፈርተብል»ም «ኮንቪኒየንት»ም ያው ምቹ ነው።

እውነታ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከስንፍና ግን አይደለም። «ይመቻል» የሚለው ግሳችን ወንበሩንም፣ ጫማውንም፣ ሰዓቱንም፣ ሰፈሩንም ይይዛል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል፦ ገላን የሚያሳርፈው «ኮምፈርተብል»፣ ከፕሮግራምና ከመንገድ ጋር ተስማምቶ ድካም የሚቀንሰው «ኮንቪኒየንት»። አልጋው የሚቆረቁር ሆቴል ለስብሰባ አዳራሹ ቅርብ ከሆነ «ኮንቪኒየንት» ነው፣ «ኮምፈርተብል» ግን አይደለም። ለቀጠሮ «ይመችዎታል?» ለማለት «አር ዩ ኮንቪኒየንት?» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው፤ ቃሉ የሚነገረው ስለ ሰዓቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። «ኢዝ ናይን ኦክሎክ ኮንቪኒየንት ፎር ዩ?» ይባላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ነው።

«ፋኒ»ም «ፋን» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም። «ፋን» አዝናኝ ነው፣ «ፋኒ» አስቂኝ፤ አንዳንዴም አጠራጣሪ ማለት ይሆናል። ስልጠናው ደስ ያለው ሰው «ዘ ትሬኒንግ ዋዝ ፋኒ» ብሎ ቢጽፍ አሰልጣኙ ቅር ይለዋል።

«ናይስ» ከጥንትም ሙገሳ ነበር የሚሉም አሉ። የቃሉ ሥር ግን «አላዋቂ» የሚል ላቲን ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ሞኝ ማለት ነበር። ዛሬ ማንንም አያስከፋም፤ ለሁሉም ስለሚባል ግን ለሠራተኛ የምስክር ወረቀት ይሳሳል። ጠባዩ መልካም ከሆነ «ፕሌዛንት»፣ ሰው የሚረዳ ከሆነ «ሄልፕፉል» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ጥፋቱን የማየው በአጠናናችን ላይ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ ጽፎ መሸምደድ። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነትርጉሙ ያሳያል። ደብተርም እንደዚያ ሊያዝ ይችላል፦ «ኮንቪኒየንት» ከሰዓትና ከቦታ ጋር፣ «ኮምፈርተብል» ከወንበር፣ ከአልጋና ከጫማ ጋር።