ሦስት ክሬዲት ስንት ሰዓት ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲደርስ ድሬዳዋ ላይ ሁለት ስሞች ቀድመው ይነሳሉ፦ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ዩኒቨርሲቲና ከደንገጎ ዳገት ማዶ ያለው ሐረማያ። ክርክሩ ስለ ሙቀትና ብርድ፣ ስለ ዶርምና ካፌ ነው። የኮርስ ዝርዝር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚያ ዝርዝር ላይ ትምህርት የሚለካበት ልክ ሁለት ዓይነት ነው። ክሬዲት ሰዓት መምህሩ ክፍል የሚገባበትን ይቆጥራል፤ ሦስት ክሬዲት ማለት ሴሚስተሩን ሙሉ በሳምንት ሦስት ሰዓት ሌክቸር ነው። ልኩ አሜሪካዊ ነው፤ ሐረማያም ገና የዓለማያ ኮሌጅ ሳለ የተቋቋመው በኦክላሆማ ምሁራን እገዛ ነበር። ኢሲቲኤስ የተባለው የአውሮፓ ልክ ደግሞ ተማሪው የሚያነብበትንና አሳይመንት የሚሠራበትን ጊዜ ይጨምራል፤ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት፣ የዓመቱ ድምር 60 ነው። ስለዚህ አንድ ኮርስ በአንዱ ወረቀት 3፣ በሌላው 5 ተብሎ ቢጻፍ አይግረምዎ፤ አብዛኞቹ የፍሬሽማን ኮርሶች እንዲህ ናቸው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተመሳሳይ ነው፤ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የትም ይሰጣሉ። የክሬዲቱ ክብደት የሚታወቀው በአማካይ ውጤት ዲፓርትመንት ሲደለደል ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ፣ ባለ 2 ላይ ሲ ያመጣ 3.33 ይይዛል፤ ያው ሁለት ውጤት ቢገላበጥ 2.67 ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ልዩነት ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ይሰፋል፦ ምርጫ ኮርሶች፣ የላብራቶሪ ሰዓት፣ ቅድመ ሁኔታ ያላቸው ኮርሶች። ቅድመ ሁኔታውን የጣለ ተማሪ ተከታዩን አይመዘገብም፤ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ዓመቱ ይሄዳል። ተቋም የሚቀይርም ክሬዲቱ ካነሰበት ወይም ይዘቱ ካልገጠመ የተማረውን ሊደግም ይችላል። የግል ኮሌጅ የመረጠ ደግሞ ዕውቅናው ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ያጣራ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው በየትምህርት ዘርፉ ለሁሉም ተቋም አንድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ። የትኛውም በር ቢገቡ መውጫው ላይ የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ምርጫ ከመሙላት በፊት ከሰፈር ልጅ ስለ ዶርሙ ብቻ ሳይሆን የዲፓርትመንቱን ኮርስ ብሬክዳውን መጠየቅ ይበጃል።