ደም ብዛት ያለበት ሰው ደም ይተርፈዋል?

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ቡና ላይ «ነገ ደም ልሰጥ ነው» ቢል፣ በረካው ሳይቀዳ ሦስት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዷ «አንተ ከሲታ፣ ያለችህን ሰጥተህ በምን ልትቆም ነው?» ትለዋለች። ሌላው «ይልቅ አባትህን ይዘሃቸው ሂድ፤ ደም ብዛት አለባቸው፣ ቢቀነስላቸው ይቀላቸዋል» ይለዋል። ሦስተኛዋ መርፌው በሽታ እንዳያመጣበት ትሰጋለች። ሁሉም አዝነውለት ነው፤ ሁሉም ግን ተሳስተዋል። ለስህተቱ ግማሹን ጥፋት እኔ የምጥለው በአማርኛችን ላይ ነው።

«ደም ብዛት» ስንል የሰሚው ጆሮ ደም ሞልቶ የተረፈ ያስመስለዋል። በሽታው ግን ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል መጨመር ነው። ጓሮውን በጎማ ቱቦ የሚያጠጣ ሰው የቱቦውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ውሃው ርቆ ይወረወራል፤ ውሃው ግን በአንድ ጭልፋ እንኳ አልጨመረም። ስለዚህ አባትዬው የሚያስፈልጋቸው የሐኪም ክትትልና መድኃኒት ነው። ደም መስጠት ለግፊት ሕክምና ተብሎ አይታዘዝም፤ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰውም ሳይሰጥ ይመለሳል።

«ደም ማነስ»ም እንዲሁ ያሳስታል። የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ የደሙ ሊትር ሳይሆን ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ ነገር፣ ሄሞግሎቢን ነው፤ ዋናው ምክንያትም የብረት ማዕድን እጥረት ነው። የአንድ ጎልማሳ ደም 5 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የጎደለውን ፈሳሽ ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል። ቀይ ሕዋሶቹ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ «ከሦስት ወር በፊት አትመለስ» የሚባለውም ለዚህ ነው። የከሲታው ልጅ ነገር ደግሞ ፍርዱ ያለው በሚዛኑ ላይ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ሆኖ፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ ከሆነና ጤነኛ ከሆነ፣ ቅጥነቱ ብቻውን አያስከለክለውም።

እዚህ ላይ ለመጀመሪያዋ የቡና መካሪ ፍትሕ ልስጣት። ፍርሃቷ መሠረት የለውም አይባልም፤ ብረት የጎደለው ሰው በላዩ ላይ ደም ቢሰጥ ይጎዳል። ጣት የሚወጋውም ለዚሁ ነው። በአንዳንድ ቦታ ጠብታዋ ኮፐር ሰልፌት ወደሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ ትጣላለች፤ ከሰመጠች ሄሞግሎቢኑ በቂ ነው፣ ከተንሳፈፈች «አብሽር፣ ሌላ ጊዜ ትመጣለህ» ተብሎ ይሸኛል። በትንሽ መሣሪያ የሚለኩም አሉ። ለመተካቱ ደግሞ ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም፤ ለስላሳም ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ስኳርና ውሃ ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሥጋና ጉበት ይሻላሉ፤ ሎሚ ቢጨመር ብረቱን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ወሎዬን የሚያስከፋው እውነት ይህ ነው፦ ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱን ያግደዋል። አቦሉ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ጥሩ ነው፤ ለማን እንደምናገር ባውቅም።

ሌላው የስህተት ምንጭ ዋግምት ነው። አጋሚው በቀንድ ስቦ የሚያወጣው «መጥፎ ደም» ይደፋል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ደም ባንክም የሚወስደው ትርፍና ቆሻሻውን ይመስለዋል። የሚፈለገው ግን በተቃራኒው ጤናማው ደም ነው። እንዲያውም በቅርቡ ዋግምት የተደረገለትም ሆነ ድዷን ወይም አንገቷን አዲስ የተነቀሰች ሰው ይህንኑ መናገር አለባቸው፤ ምላጩና መርፌው ከሰው ሰው ተዛውሮ ከሆነ አደጋው እዚያ ነው። ከዓመታት በፊት የተነቀሰች እናት ግን በንቅሳቷ ምክንያት አትከለከልም።

የደም ባንኩ መርፌ በአንጻሩ ከከረጢቱ ጋር ተያይዞ፣ ታሽጎ የመጣ ነው፤ ለአንድ ሰው አንዴ አገልግሎ ይወገዳል። ወደ ሰጪው ኤች አይ ቪ የሚገባበት መንገድ የለም። የተሰበሰበው ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ይህን ሰምቶ «በነጻ ልመርመር» ብሎ የሚሄድ ሰው አለ፤ ይህ ከፍርሃቱ የባሰ ነው። በቅርቡ የተያዘ ሰው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ጊዜ አለና ደሙ አልፎ ሕመምተኛ ላይ ሊደርስ ይችላል። የሚጠራጠር ሰው መሄድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ታላላቆቻችን ደም መስጠትን ከሆስፒታል ኮሪደር ጋር የሚያያይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። የደም ባንክ አገልግሎት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ከተጀመረ በኋላ፣ ለብዙ ዘመን ዘመድ የታመመበት ሰው ምትክ እየሰጠ ነበር የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዞሮ በበጎ ፈቃደኛ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት ዘመድ ተፈልጎ፣ ደሙ ተመርምሮ እስኪደርስ አትቆይም። ደሙ አስቀድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ መገኘት አለበት። ተከማችቶም ብዙ አይቀመጥም፤ ቀይ ሕዋሱ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ፕሌትሌት የሚባለው ክፍል ደግሞ አምስት ቀን ገደማ ነው ዕድሜው።

ከሐይቅ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደም ባንክ አለው። ሰብሳቢዎቹ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ሲወጡም አገር ቤት ድረስ ይመጣሉ። በባዶ ሆድ አትሂድ፤ ጾም ከሆነ ካፈጠርክ በኋላ ወይም ሌላ ቀን ይሁን። ሌሊቱን ጫት ስትቅም ያደርክ እንደሆነ ልብህ ይመታል፣ ግፊትህም ይጨምራል፤ ተኝተህ ሂድ። ለጥያቄዎቹ ሳታፍር መልስ፤ መተማ ወይም አፋር ለሥራ ወርደህ ወባ ይዞህ ከነበረ ይህም ይነገራል። ክንድህ ላይ መርፌው ሲገባ ይቆነጥጣል፤ ደሙ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ሲያበቃ ቶሎ አትነሣ። ማዞር የሚያጋጥመው ይበልጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጥ ወጣትን ነው፤ ካዞረህ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ።

ብስኩቱን ብላ፣ የሰጡህንም ጠጣ። ውጫሌ ላይ ሰጥተህ ቤትህ ከአምባሰል ተራራ ወገብ ላይ ከሆነ ዳገቱን በዚያው ሰዓት አትጋፈጠው፤ ጄሪካንም በዚያ ክንድ አታንሣ። ማታ ትኩሳት ከያዘህ ወይም ሲጠይቁህ የዘለልከው ነገር ትዝ ካለህ ደውለህ ንገራቸው። ከረጢቱ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።