ኔትወርክ ያጣ ስልክ፦ ምርመራው ከየት ይጀምር?

ሞባይል ስልክ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ሲበራ በዙሪያው ካሉ ማማዎች የሚመጣውን ሞገድ ይፈልጋል፤ ድግግሞሹን ከማማው ጋር ካስተካከለ በኋላ ነው ራሱን የሚያስመዘግበው። «አገልግሎት የለም» የሚል ስልክ የመጣለት ጠጋኝ ይህን ቅደም ተከተል ከያዘ ብዙ መንገድ ተቃለለለት።

የሚደመጠው ምልክት እጅግ ደካማ ነው። የጂኤስኤም 900 መስፈርት የእጅ ስልክ እስከ -102 ዲቢኤም የወረደ ምልክት እንዲቀበል ያስገድዳል፤ ይህ ከዋት አሥር ትሪሊዮንኛው እንኳ ያነሰ ኃይል ነው። ሲያስተላልፍ ግን እስከ 2 ዋት ያወጣል። አንቴናው ከቦርዱ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ ትንሽ ዝገት ስልኩን የሚያደነቁረው ለዚህ ነው።

ቦርዱ ሳይነካ ሲሙን በሌላ ስልክ፣ ሌላ ሲም ደግሞ በዚህኛው ይሞከር። በዚያው ቦታ ሌላ ስልክ መሥራቱም ይረጋገጥ። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ አንዱ ብቻ ከጠፋ ሲም ማንበቢያው ይጠረጠራል፤ ሁለቱም ከጠፉ ነገሩ ወደ ሬዲዮው ክፍል ይሄዳል።

ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኔትወርክን በማኑዋል ማስፈለግ ነው። ከሁሉም ሙከራ አብልጬ የማምነው ይህንን ነው፤ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማዋ ዝርዝሩ የእሱንም የኢትዮ ቴሌኮምንም ስም ማውጣት አለበት። ስሞቹ ከመጡ ስልኩ ሰምቷል፤ መቀበያው በአብዛኛው ደህና ነው። ተመርጦም የማይመዘገብ ከሆነ ችግሩ ወደ ማስተላለፊያው ያዘነብላል፦ ፓወር አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል፣ ወይም ባትሪው ደክሟል፤ በጂኤስኤም ሲያስተላልፍ ለቅጽበት ወደ 2 አምፔር ይስባልና። *#06# ሲደወል ባለ 15 አሃዙ አይኤምኢአይ ካልወጣ ደግሞ ጉዳዩ የሶፍትዌር ሊሆን ይችላል።

አንድም ስም ካልወጣ ነው መቀበያው የሚፈተሸው፤ ከአንቴናው ጀምሮ ወደ ውስጥ። መጀመሪያ የአንቴናው መገናኛ ይጸዳል። ቀጥሎ ያለችው ትንሽ የመፈተሻ ሶኬት ውስጧ የሚከፈትና የሚዘጋ ምላስ አለ፤ ከታጠፈ ወይም ከቆሸሸ መስመሩ ይቋረጣል። ከዚያ አንቴና ስዊቹ፣ ፊልተሮቹ፣ በመጨረሻም ምልክቱን የሚያጎላውና የሚፈታው አይሲ ይመጣሉ። ፊልተሮቹ ተሰባሪ ናቸው፤ የወደቀ ስልክ ላይ ቶሎ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

የተቋረጠበትን ቦታ ለመለየት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀጭን ሽቦ ይበቃል፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ሩብ ርዝመት ነው። ሽቦው ከሶኬቷ በኋላ፣ ቀጥሎም ከስዊቹ በኋላ እየተነካ ፍለጋው ይደገማል። የኔትወርክ ስም ብቅ ካለ ብልሽቱ ከዚያ ነጥብ በፊት ነው።

ሆት ኤር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ያለ ምርመራ አይሲ ማሞቅ አንዳንዴ ኔትወርክ ይመልሳል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ አጠገቡ ያሉ ጤነኛ ክፍሎችንም ያናጋል። ጥገናው ሲያልቅ የተነሳው የብረት ክዳን ቦታው ይመለስ፤ ያለ እሱ የቦርዱ የራሱ ረብሻ ደካማውን ምልክት ይውጠዋል።

ስልክዎን ለጥገና ሲሰጡ የማኑዋል ፍለጋው ፊትዎ እንዲሠራ ይጠይቁ። ውጤቱን ሳያዩ ቦርዱ እንዲሞቅ አይፍቀዱ።