ስለ ፍራሽና ስለ እሳት

ሰው ከዕድሜው ሲሶ የሚያህለውን ተኝቶ ያሳልፋል። በተኛም ጊዜ ዓይኑ አያይም፤ አፍንጫውም ጢስን ፈጥኖ አይለይም። ስለዚህ የምንተኛበት ፍራሽ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባናል።

አባቶቻችን በቁርበትና በገለባ ፍራሽ ይተኙ ነበር። ዛሬ ግን በየገበያው የሚሸጠው ብዙው ስፖንጅ የሚባለው ነው። እርሱም ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ነገር የተሠራና ውስጡ አየር የመላው ስለ ሆነ፥ እሳት ቢነካው ፈጥኖ ይነዳል፤ ጢሱም መርዝ አለበት። የጥጥ ፍራሽ ደግሞ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ እየጤሰ ብዙ ሰዓት ይቆያል።

በአሜሪካ አገር ብዙ ሰዎች ሲጃራ እያጤሱ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለ ሞቱ፥ በ1965 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1973) የፍራሽ ሕግ ጸና። በዚህ ሕግ የተለኰሰ ሲጃራ በፍራሹ ላይ፥ ደግሞም በሁለት አንሶላ መካከል ይቀመጣል፤ ቃጠሎው ከሲጃራው ከ5 ሳንቲሜትር ያህል አልፎ ቢሄድ ፍራሹ አይሸጥም። ነገር ግን ይህ የሚመረምረው ፍምን እንጂ የክብሪትንና የሻማን ነበልባል አልነበረም። ስለዚህ በ1999 ዓመተ ምሕረት (በ2007) ሌላ ሕግ ተጨመረ። ፍራሹ በጋዝ ነበልባል ከላይ 70 ሴኮንድ፥ ከጎኑ 50 ሴኮንድ ይለበለባል፤ በ30 ደቂቃ ምርመራ ውስጥ የሚያወጣው የሙቀት ኀይል ከ200 ኪሎዋት ማለፍ የለበትም። ይህም ፍራሹ ከቶ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ሳይነድ ሰው ነቅቶ ልጆቹን ይዞ የሚወጣበትን ጊዜ ለማትረፍ ነው እንጂ።

ይህ ሕግ የሚገዛው በዚያ አገር የሚሸጠውን ፍራሽ ነው። በቤታችን ያለው ፍራሽ ግን እንዲህ ያለ ምርመራ ማለፉን ካላወቅን ጥንቃቄው የእኛ ነው። ኩራዝና ሻማ ከመኝታ ርቆ በማይወድቅበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ከመተኛትም በፊት ይጥፋ። ክብሪት ሕፃናት ከማይደርሱበት ይኑር፤ ፍራሽም ከምድጃ ይራቅ። ውስጥ ለውስጥ የጤሰ ፍራሽ የጠፋ ቢመስልም እንደ ገና ሊነድ ስለሚችል ተመልሶ የሚተኛበት አይኑር። ቤቱ በጢስ ቢመላ፥ ጢስ ወደ ላይ ይወጣልና ጎንበስ ብሎ መውጣት፥ ዕቃ ለማውጣትም አለመመለስ ይገባል።

ተማሪ ሆይ፥ ይህን ለእናት ለአባትህ ንገር፤ ዛሬ ማታም ኩራዙ ከመኝታው ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከት።