አበባው ደረቀ ማለት ተክሉ ሞተ ማለት አይደለም

ጉዝማኒያ የተባለው የቤት ውስጥ ተክል ብዙ ጊዜ በስጦታ ነው ቤት የሚገባው። ቀዩ አናቱ ወራት ሳሎኑን ያሳምራል፤ ከዚያ ይገረጣል፣ ይደርቃል፤ ተክሉም ከነፖቱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገኛል። «አንዴ ካበበ አበቃለት» ስለሚባል ነው። ይህን የሚሉት አበባ ሻጮች ራሳቸው ሲሆኑ ያናድደኛል፤ ሌላ ለመሸጥ ብሎ ልጆቿን ያቀፈች እናት ማስጣል ነውር ነው።

ወሬው ግን ከመሬት አልተነሣም። ጉዝማኒያም ሆነ ብሮሚሊያድ በሚባለው የተክል ቤተሰብ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ዘመዶቹ አንዴ ብቻ ነው የሚያብቡት፤ ያበበችው እናት ደግማ አታብብም፣ ውላ አድራ ትሞታለች። ይህ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው ልጆቿን ታሳድጋለች። የታችኞቹን ቅጠሎች ገለጥ አድርጋችሁ ግርጌዋን እዩ፤ ግንዷ ላይ የተለጠፈ፣ ጫፉ የሾለ፣ ለጋ ቡቃያ ታገኛላችሁ። ሙዝ የተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እናቲቱ ዘለላዋን ሰጥታ ስታልፍ ከሥሯ የበቀሉት ይተካሉ እንጂ ጓሮው ተነቅሎ አይጣልም። አናናስም የዚሁ የብሮሚሊያድ ቤተሰብ ነው፤ ገበሬው የሚያባዛው ከጎኑ የሚወጣውን ቡቃያ እየተከለ ነው።

ለነገሩ ያ ቀይ ነገር ራሱ አበባ አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች በመሃሉ ብቅ የሚሉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ቶሎ ይረግፋሉ።

ስለዚህ የደረቀውን ዘንግ ብቻ በንጹህ ቢላ ቁረጡና ቅጠሉን ተዉት። ልጁ የእናቱን ሲሶ ወይም ግማሽ ሲያክል ለይታችሁ በትንሽ ፖት ትከሉት፤ የራሱን ሥር ካበጀ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ብዙ ቡቃያ የሚጠፋው በችኮላ ነው። ስንት ልጅ እንደምታወጣ ቃል ልገባላችሁ አልችልም፤ አንድም ሊሆን ይችላል። ልጁ እስኪያብብ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ጎልምሶ እምቢ ካለ፣ በቅጠሎቹ መሃል ያለውን ውሃ ድፉና ከበሰለ ፖም ጋር በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስሩት፤ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ ሳምንት ያህል ይቆይ። ከፖሙ የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ማበብን ይቀሰቅሳል። ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ በማግስቱ አትጠብቁ። ገና ለጋ የሆነውን ግን በከንቱ አታስጨንቁት።

«አፈሩ ሁልጊዜ መራስ አለበት» የሚለውም ብዙ ተክል ገድሏል። ጉዝማኒያ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጫካዎች ዛፍ ላይ ተቀምጦ የሚኖር ነው፤ ሥሩ በዋናነት መያዣው ሲሆን ውሃውን የሚጠጣው በቅጠሎቹ መሃል ካለው ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ ጥቂት ውሃ ይኑር፤ አፈሩ ግን ውሃ የማይቋጥር ይሁን፤ ከጨቀየ ሥሩ ይበሰብሳል። የሚቀመጥበትን ዛፍም አይመጥም፤ ማረፊያው ነው እንጂ ምግብ አይወስድበትም።

በጎድጓዳው ውሃ ትንኝ ይራባል የሚለውን አላጣጥለውም፤ የቆመ ውሃ ባለበት ሁሉ ያለ ነገር ነው። በየሳምንቱ ውሃውን ደፍቶ ማደስ ይበቃል። መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ግን አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ብሮሚሊያድ መዳብ አይችልም።